ሴት የነዳችው፣ ንጹህ፣ ያልተነካ

ያገለገለ መኪና ፍለጋ የወጣ ሰው ከደላላም ሆነ ከባለቤቱ አፍ መጀመሪያ የሚሰማቸው ቃላት እነዚህ ናቸው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ እንዲህ ዓይነት ቃል ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። ሦስቱም ጥሩ ስሜት ይሰጣሉ፤ ሦስቱም ግን አይለኩም። ንጹህ ማለት የታጠበ ነው ወይስ ያልተጋጨ? ያልተነካው ሞተሩ ነው ወይስ ቀለሙ? “ሴት የነዳችው” የሚለውማ እኔንም ይመለከተኛል። ከጎሮ ቦሌ በየቀኑ የምመላለሰው፣ ልጆቼን ገርጂ ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ። የውስጥ ለውስጡ ጉድጓድ መሪውን የያዘው ማን እንደሆነ አይጠይቅም።

እኔና ባለቤቴ ሰሞኑን መለስተኛ የቤንዚን ኤስዩቪ ስንፈልግ ከርመናል። ገንዘቡ የአራት ዓመት ቁጠባና በመጨረሻ የደረሰን እቁብ ነው። ሌላ መጠባበቂያ የለንም። የገዛነው መኪና በሦስተኛው ወር ሞተር ቢያወርድ ቀጥሎ የሚነካው የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ብዙዎቻችሁ በዚሁ ስሌት ውስጥ እንዳላችሁ ስለማውቅ፣ በፍለጋው የተማርነውን በዚህ ወር ላካፍላችሁ።

ዋጋው ለምን አይናገርም?

በሌላው ዓለም መኪና ከዓመት ዓመት ዋጋው ይወርዳል። እኛ አገር ግን የቆየ መኪና ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ ማየት አያስገርምም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ማስገባት እጅግ አስወደደ፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱም ይከብዳል። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ስለዚህ ዛሬ የምናያቸው የቤንዚን ኤስዩቪዎች ከሞላ ጎደል ቀድሞ አገር ውስጥ የነበሩት ናቸው። ቁጥራቸው አይጨምርም፤ ዕድሜያቸው ግን ይጨምራል።

ይህ ለገዢ ምን ማለት ነው? ውድ ስለሆነ ጥሩ ነው፣ ርካሽ ስለሆነ መጥፎ ነው ማለት አልቻልንም ማለት ነው። አንድ ዓይነት ሞዴል፣ አንድ ዓይነት ዘመን፣ ተመሳሳይ ዋጋ የተጠራባቸው ሁለት መኪናዎች አንዱ ገና አሥር ዓመት የሚያገለግል፣ ሌላው ጋራዥ ደጃፍ የሚያድር ሊሆን ይችላል።

“ታዲያ ለምን ኤሌክትሪክ አትገዙም?” የሚል ጥያቄ ከዘመድም ከጎረቤትም ሰምተናል። የሊትር ቤንዚን ከመቶ ብር ካለፈ ወዲህ ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መኪና የምናሳድርበት ግቢ ቻርጅ ማድረጊያ የለውም። እናቴ ደግሞ ደብረ ብርሃን ናት። ስትታመም በሌሊት ተነስተን 130 ኪሎ ሜትር የምንሄድባት መንገድ ናት። የራሱ ግቢ ያለውና ከከተማ ብዙም የማይወጣ ቤተሰብ ከእኛ የተለየ ውሳኔ ቢወስን ትክክል ነው።

ሎሚና መኪና

ዩኒቨርሲቲ ሳለን ከተማርናቸው ጽሑፎች አንዱ አሁን በደንብ ገባኝ። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋነኛው ይኸው ነው። እነሱ ጋ ሲያዩት ደህና መስሎ ችግሩ ከተገዛ በኋላ የሚወጣ መኪና “ሎሚ” ይባላል። እኛ ሎሚን የምናውቃት በጥምቀት ለወደድናት ስትወረወር ነው፤ የእነሱ ሎሚ ግን የሚወረወረው ገዢ ላይ ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጭ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፤ ገዢ አያውቅም። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ስለማይችል ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ያቀርባል። ጥሩ መኪና ያለው ሰው “በዚህ ዋጋስ አልሸጥም” ብሎ ይተወዋል። መጥፎ ያለው ግን ደስ ብሎት ይሸጣል። እንዲህ እያለ ገበያው በሎሚ ይሞላል።

መፍትሔው ከዚያው ከሐሳቡ ይወጣል፤ ገዢ መክፈል ያለበት ለሚታይ ማስረጃ እንጂ ለስም አይደለም። ማስረጃ ማለት የዘይት ቅያሪ መዝገብ፣ የመለዋወጫ ደረሰኝ፣ በእናንተ መካኒክ ፊት የተከፈተ ኮፈን ነው። ማስረጃ የሚያሳይ ሻጭ ከሌላው ትንሽ ጨምሮ ቢጠይቅ አይከፋም። ማስረጃ የሚደብቅ ሻጭ ደግሞ ቅናሽ ቢያደርግም ውድ ነው።

“ራቭፎር ነው” መልስ አይደለም

በእኛ ሰፈር አስተማማኝነት ሲነሳ የሚጠራው ስም ነው። ስም የሚረዳው መለዋወጫ ላይ ነው፤ የቶዮታና የሱዙኪ ዕቃ ሶማሌ ተራ አይጠፋም፣ መካኒኩም ያውቀዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ስም የዘመኑንና የሞተሩን ታሪክ አይናገርም።

ራቭፎርን እንውሰድ። ቶዮታ ይህን ሞዴል ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ባለ 2 ሊትር ሞተር ታይሚንጉን የሚያዞረው በቺንጋ ነው፤ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥራችሁ ወዲያው ለመቀየር ተዘጋጁ። ከ2001 እስከ 2003 የተሠሩ ኦቶማቲኮች ላይ የሞተሩ ኮምፒዩተር እየተበላሸ ማርሽ ሲቀየር መኪናውን ያንገጫግጭ ነበር። ሰዎች ካምቢዮው ሞተ ብለው ይቀይሩታል፤ ጥፋቱ ግን ከኮምፒዩተሩ ነው። ከ2006 እስከ 2008 የተሠሩት ባለ 2.4 ሊትር ደግሞ ዘይት በመብላት ይታወቃሉ፤ ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ችግር የዋስትና ጊዜ አራዝሟል። ሦስቱም ራቭፎር ናቸው፤ የሚጠየቁት ጥያቄ ግን ሦስት የተለያየ ነው።

ሱዙኪ ግራንድ ቪታራ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የወጣው ባለ 2 ሊትር ታይሚንጉ በሰንሰለት ነው። ጠንካራ ነው፤ ሰንሰለቱ ግን ዘይቱ በጊዜው ካልተቀየረ ይረዝማል፣ ጠዋት ሲነሳም ይንኳኳል። ሃዩንዳይና ኪያ እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2017 አሜሪካ ውስጥ ስፖርቴጅን ጨምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪናዎችን በሞተር ችግር ለጥገና ጠርተዋል። ይህ ማለት ሁሉም የኮሪያ መኪና ችግር አለበት ማለት አይደለም፤ ኮፈኑ ስር ያለው የትኛው ሞተር እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ ማለት ነው። ኒሳን ቃሽቃይ ላይ ያለው ሲቪቲ የሚባለው ካምቢዮ ደግሞ ከምንም በላይ የራሱን ዘይት በጊዜው ይፈልጋል። “የካምቢዮ ዘይት አይቀየርም” የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ለሁለት ቀን አስቡበት።

መኪናው ራሱ የሚናገረው

መካኒክ ከመጥራታችሁ በፊት እናንተው ራሳችሁ በግማሽ ሰዓት የምታዩት ብዙ ነው።

የኪሎ ሜትር ቁጥሩን ከዕቃው ጋር አስተያዩት። ቁጥር ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የፍሬን ፔዳል ጎማ፣ የመሪ ቆዳና የሾፌር ወንበር ጠርዝ ግን አይመለሱም። ዳሽቦርዱ 90 ሺህ እያለ ፔዳሉ ልሙጥ ከሆነ የምታምኑት ፔዳሉን ነው።

ጎማው ላይ በትንሽ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ አራት አኃዝ ታገኛላችሁ። 2319 ቢል በ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። አራቱም ጎማ አንድ ዓይነት መሆኑንም እዩ፤ አራቱም ጎማ በሚጎትት መኪና ላይ የተለያየ መጠን ያለው ጎማ ማሠር ካምቢዮና ዲፈረንሻል ይጎዳል። መስታወቶቹም እያንዳንዳቸው ጥግ ላይ ምልክት አላቸው፤ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ የተለየ ከሆነ ለምን ተቀየረ ብላችሁ ጠይቁ።

የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ካለው፣ ለአሜሪካና ለብዙዎቹ የዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች በተሠሩ መኪናዎች ላይ አሥረኛው የሞዴሉን ዘመን ያመለክታል። 8 ከሆነ 2008፣ 9 ከሆነ 2009 ነው፤ ከዚያ በእንግሊዝኛው ኤ ይጀምርና 2010 ይሆናል። በጃፓን ለራሳቸው ገበያ የተሠሩት አጠር ያለ ቁጥር ስላላቸው ይህ አይሠራባቸውም። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ዘመን ከዚህ ጋር ካልተስማማ ምክንያቱን ጠይቁ።

ኮፈኑን ክፈቱና የቡሎኖቹን ራስ እዩ። ቀለማቸው ከተላጠ ኮፈኑ ወይም ፓራፋንጎው ተፈቶ ያውቃል። ትንሽ ማግኔት በላሜራው ላይ አንሸራትቱ፤ ሳይዝ የሚንሸራተትበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ስር ስቱኮ አለ። የተነካካ ፓራውልት ችግር አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያልተነካ ፓራውልት ማግኘት ራሱ ከባድ ነው። የሚያሳስበው የበር ምሰሶ፣ የጣሪያ ጠርዝ ወይም ሻንሲ ተቃንቶ ከሆነ ነው።

ሞተሩን ቀዝቅዞ ስሙት። ማታ ደውላችሁ “ጠዋት እኛ ሳንመጣ አታስነሳው” በሉ። ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ የደበቀው ነገር ሊኖር ይችላል። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላቱን፣ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን፣ ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ያመለክታል። የዘይት ክዳኑን ከፍታችሁ የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ካያችሁ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነገር ነውና አመስግናችሁ ተሰናበቱ።

ራዲያተሩን ከሌላ ከተማ ይልቅ እኛ ልንጨነቅበት ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ተራ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊትና ትክክለኛው ኩላንት ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ክዳኑን ክፈቱ፤ የሸክላ ቀለም ያለው ዝገታም ውሃ ካያችሁ መኪናው ለዓመታት በቧንቧ ውሃ ሲሠራ ኖሯል። በተጨማሪም አየሩ ሳሳ ያለ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት እዚህ ከአምስት አንዱን ያህል ያጣል። ስለዚህ ዳገት ላይ ትንሽ መክበዱ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ከሌላ ተመሳሳይ መኪና ጋር አነጻጽሩት።

ቁልፉን ስታዞሩ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር፣ የዘይት፣ የኤቢኤስና የኤርባግ መብራቶች ለአፍታ በርተው መጥፋት አለባቸው። በርቶ የማይጠፋ መብራት ችግር ነው፤ ጭራሽ የማይበራ ግን ይብሳል፤ ሆን ተብሎ የተነቀለ ሊሆን ይችላልና። ስካነር ያለው መካኒክ ደግሞ ሌላ ተንኮል ያያል። ከጥቂት ሰዓት በፊት የብልሽት ኮዱ የተሰረዘ መኪና የራስ ፍተሻውን ገና እንዳልጨረሰ ኮምፒዩተሩ ይናገራል።

የመንዳት ሙከራውን ሰፈር ዙሪያ በመዞር አትጨርሱት። እኛ ሦስት ቦታ ወሰድን። በጎሮ ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ነዳን፤ ቴስቲና፣ ጎሚኒና አሞርዛተር የሚናገሩት እዚያ ነው። ወደ ቱሉ ዲምቱ አቅጣጫ ሰፊውን መንገድ ይዘን ፍጥነት ጨመርን፤ መሪ የሚንቀጠቀጠውና ካምቢዮ የሚያመነታው እዚያ ነው። በመጨረሻም እንጦጦ ወጣን፤ የሙቀቱ መርፌ የሚፈተነው ዳገት ላይ ነው።

ወረቀቱም ይታመማል

ጤነኛ ሞተር ያለው መኪና በታመመ ወረቀት ሊሸጥ ይችላል። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ዋናውን ባለቤት ማግኘት አለባችሁ። ውክልና ሰጪው ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተም በሕግ ውክልናው ያበቃል። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዞርም። ፋይሉ ያለበት የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ቅርንጫፍ ሄዳችሁ እዳና እገዳ እንደሌለበት አረጋግጡ፤ የባንክ ብድር መያዣ የሆነ መኪና ጥቂት አይደለም። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን በዓይናችሁ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ።

ባለትዳር ሻጭ ከሆነ የባል ወይም የሚስት ፊርማ ያስፈልጋል። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ ዋጋ ያለው የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያለ ሁለቱም ስምምነት እንዳይሸጥ ይላል። ዛሬ 500 ብር ይህን ያህል ገንዘብ አይደለም፤ ሕጉ ግን በሥራ ላይ ነው። ላላገባ ሻጭ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ውሉ ላይ “አይቼ፣ ፈትሼ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ” የሚል ዓረፍተ ነገር መኖሩን አስተውሉ። ሳትፈትሹ አትፈርሙት፤ በኋላ ስለ ድብቅ ጉድለት ለመከራከር ስትነሱ መጀመሪያ የሚጠቀስባችሁ እሱ ነው።

የእኛ ምርጫ

ሁለት መኪናዎች ፊታችን ቀሩ። አንዱ ብርማ ራቭፎር ነው፤ የሚያብረቀርቅ፣ “ሴት የነዳችው” የተባለለት። ደላላው “ሌላ ገዢ ብሩን ይዞ እየመጣ ነው፣ ዛሬ ቀብድ ጣሉ” አለን። ባለቤቴ ወደደው፤ እውነቱን ለመናገር ልጆቹም እኔም ወደድነው። መካኒካችን ዘንድ እንውሰደው ስንል ግን “መኪናው ከዚህ ግቢ አይወጣም” የሚል መልስ መጣ። ያን ቀን ማታ ቤት ውስጥ ረጅም ክርክር ሆነ። ባለቤቴ “ዋጋው ነገ ሌላ ነው፤ ስንፈራ ስንቸር መኪና ሳይኖረን እንቀራለን” አለ። የብዙ ሰው ስጋት ነውና አልፈረድኩበትም። እኔ ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ “እኛ የምንገዛው መኪናውን ብቻ አይደለም፣ የእናቴን የሌሊት መንገድ ነው።” ቀብድ ሳንጥል አደርን።

ሁለተኛው ቪታራ ነው፤ ጣሪያው ፀሐይ የመታው፣ የአንድ ጡረተኛ መምህር። ጋሼ ከዳሽቦርዱ ኪስ አንድ ደብተር አወጡ። የዘይት ቅያሪ፣ የፍሬን ሸራ፣ የባትሪ፣ የኩላንት፤ ቀንና ኪሎ ሜትር በእጃቸው ተጽፏል። “የፊት አሞርዛተሮቹ ደክመዋል፤ እኔ አልቀየርኳቸውም፣ እናንተ ቀይሩ” አሉን ሳንጠይቃቸው። ለመካኒክ ቁልፉን ሰጥተውን እሳቸው ቤት ቀርተው ቡና አስፈሉ። መካኒኩ ከአሞርዛተሮቹ ሌላ አንድ ቴስቲና ብቻ አገኘ። ዋጋቸው ከሌሎች ተመሳሳይ ቪታራዎች ከፍ ያለ ነበር፤ ከፈልን። የከፈልነው ትርፍ ለደብተሩ ነው።

ከግዢው በኋላ

መኪና ስትገዙ ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ ለሻጩ አትስጡ። ከዋጋው አንድ አሥረኛ ያህል ለመጀመሪያው ስድስት ወር አስቀሩ። ይህን ማስቀረት የማትችሉ ከሆነ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ መኪና ፈልጉ። በመጀመሪያው ሳምንት የሞተር፣ የካምቢዮና የፍሬን ዘይት፣ ኩላንት፣ ፊልትሮዎችና ካንዴላ ይቀየሩ። የቺንጋው ታሪክ ካልታወቀ እሱም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ልጆች የምትጭኑበት አሮጌ መኪና ከሆነ ኤርባጉንም ጠይቁ። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች በሙቀትና በእርጥበት ሲያረጁ ሲፈነዱ ብረት ስለሚረጩ፣ ቶዮታን ጨምሮ ብዙ አምራቾች በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪናዎችን ለቅያሪ ጠርተዋል። የሻንሲ ቁጥሩን ለአምራቹ ወኪል አሳይታችሁ መኪናችሁ ከተጠሩት ውስጥ መሆኑን ጠይቁ።

በመጨረሻም እናንተም ደብተር ጀምሩ። የአሥር ብር ደብተርም ቢሆን ይበቃል። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተሠራው ሥራ፣ የተከፈለው ብር፤ ደረሰኙም ከጀርባው ይያያዝ። መኪናው መቼ ዘይት መብላት እንደጀመረ፣ የትኛው ጥገና እንዳልዘለቀ የሚነግራችሁ እሱ ነው። እናንተ የምትሸጡበት ቀን ሲመጣም “ንጹህ፣ ያልተነካ” ማለት አያስፈልጋችሁም፤ ደብተሩን አውጥታችሁ ለገዢው ትሰጡታላችሁ።